የብረቱ ልብስ

ወንድምጋሼ ክርክር ሲወድ ለጉድ ነው። ጠዋት «ዛሬ ሊዘንብ ነው» ካልኩት «አይዘንብም» ይላል፤ ዘንቦ እላዩ ላይ ሲወርድበት እንኳ «ይሄ ካፊያ ነው እንጂ ዝናብ አይባልም» ብሎ ይሞግታል። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፣ እሱ በያጅ። ሱቆቻችንን የሚለያቸው አንድ የቆርቆሮ ግድግዳ ብቻ ስለሆነ የሱ መዶሻ የኔን መርፌ እያዘለለው ነው የኖርነው። ስንት ጊዜ በግድግዳው ላይ ጮኼበታለሁ! እሱ ግን ከዚያ ማዶ ሆኖ «መዶሻው ቀስ ብሎ ነው የመታው፣ ያንቺ እጅ ነው የሚንቀጠቀጠው» ይለኛል።

በሥራው ግን ቀልድ አያውቅም። ብረት ከብረት የሚጋባው ንጹሕ ሲሆን ብቻ ነው ብሎ ያምናል። ዝገት ካለ፣ ቀለም ካለ፣ የጣት አሻራ እንኳ ካለ ብየዳው አይዝም ይላል። ሌላው በያጅ ጣት የምታህል ቦታ ጠረግ ጠረግ አድርጎ ሲበይድ፣ ወንድምጋሼ ክንድ ሙሉ ፍቆ፣ በሽቦ ብሩሽ አሽቶ፣ መስታወት አስመስሎ ነው ኤሌክትሮዱን የሚያነሳው። ከልጅነቱም እንዲህ ነው፤ እኔ ያጠብኩትን ሳህን ደግሞ ያጥበው ነበር። በዚህ ስንጣላ ነው ያደግነው።

አንድ ሌላ አመል ደግሞ አለው። ሥራህ ላይ እንከን አለ ከተባለ አለቀለት። አንድ ጊዜ አንድ ፎርማን ወንድምጋሼ የበየደውን በር አይቶ «ትንሽ ዘሟል» አለው። ወንድምጋሼ ምንም ሳይመልስ ቤቱ ገብቶ ተኛ። ሚስቱ ምግብ ስታቀርብለት ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። እኔ ስመጣ ዓይኑን ጨፈነ። መሣሪያዬን ሸጬ ከዚህ ሥራ እወጣለሁ እያለ ሁላችንንም አስለቀሰን። በመጨረሻ ያስነሳው ጭቃው ነው። በሩን በርግዶ ገባና «ተነስ እንጂ! በሩ ካልዘመመ ዘሟል ያለው ሰውዬ አንገቱ ዘሟል ማለት ነው፤ ሄደን እናቃናለት» አለው። ወንድምጋሼ ሳይወድ ሳቀና ተነሳ።

ጭቃው የልጅነት ጓደኛው ነው። ሥራው በፎቅ ሕንፃዎች ላይ የብረት ምሰሶና አግዳሚ እሳት እንዳይነካው ልባስ መርጨት ነበር። ልባሱ ግራጫ ነገር ነው፤ በርሜል ውስጥ በውሃ ይበጠበጥና በቱቦ ተገፍቶ ብረቱ ላይ ይለጠፋል፣ ሲደርቅ ሻካራ ጭቃ ይመስላል። ከጸጉሩ እስከ ጫማው በዚያ ተለውሶ ስለሚመጣ ነው ስሙ የወጣለት። እሱም በተራው ወንድምጋሼን «ብልጭታ» ይለው ነበር። መልአክ ነበር አልልም። ካርታ ሲጫወት ያጭበረብራል፣ የሰው ዳቦ ሳያስፈቅድ ይገምጣል፣ የሰፋሁለትን ሱሪ በሳምንቱ ጉልበቱ ላይ ቀዶ ያመጣና «ክሩ ነው» ይላል። ግን እሱ የሌለበት ሻይ ቤት ሻይ ቤት አይመስልም ነበር።

ሁለቱ ከሥራ ሲወጡ እኛ ሰፈር ካለው ሻይ ቤት በራፍ ላይ ይቀመጡና አንዱን ክርክራቸውን ይጀምራሉ። ዓመት አልፎ ዓመት ሲተካ ርዕሱ ያው ነው፦ የተቃጠለ ፎቅ ውስጥ ያለ ብረት በእሳት ይሸነፋል ወይስ አይሸነፍም? ሻይ ቤቱ ለሁለት ተከፍሏል። ባለ ሻይ ቤቷ የጭቃው ወገን ነበረች፤ ሾፌሮቹ የወንድምጋሼ።

«እኔ ብረት ለማቅለጥ በጋዝ እሳት ስታገል ነው የምውለው» ይላል ወንድምጋሼ። «አሁን ወረቀትና ወንበር ተቃጥሎ ነው ፎቅ የሚያወርደው? ተወን እባክህ!»

«ማን ይቀልጣል አለህ? አይቀልጥም። ይደክማል» ይላል ጭቃው። «አንተ የተሸከምከውን ለመጣል የግድ መሞት አለብህ? ደክሞህ አትጥለውም?»

«ብረት ሲደክመው አይቼ አላውቅም።»

«ወፍራም ፌሮ ስታጥፍ ምን ታደርጋለህ?»

«አሞቀዋለሁ።»

«ይቀልጣል?»

«አይቀልጥም።»

«ታዲያ እንዴት እሺ አለህ?»

እዚህ ላይ ሻይ ቤቱ ይሳሳቃል። ወንድምጋሼ ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ ቋ አድርጎ ያስቀምጠዋል። «እሱ ፌሮ ነው! የፎቅ አግዳሚ ያንተን ወገብ ያህላል!»

«ወፍራሙ ይዘገያል እንጂ አይቀርለትም። ደግሞ ሲሞቅ ይረዝማል፤ ዳርና ዳር የያዙትን ምሰሶዎች ይገፋል፤ መሄጃ ሲያጣ ወደ ታች ይጎብጣል። እኔ ልብስ የማለብሰው ለምን መሰለህ?»

«ብረት ይበርደዋል እንዴ ልብስ የምታለብሰው?»

«አይበርደውም፣ ይሞቀዋል!»

ከዚያ ሳቅ ነው። ማንም አሸንፎ አያውቅም። ጭቃው ሲነሳ የወንድምጋሼን ትከሻ መታ መታ ያደርግና ሁልጊዜ አንድ ነገር ይለዋል፦ «ብቻ ብልጭታ፣ ራቁቱን አትተወው።» ሁላችንም የመሰነባበቻ ቀልዱ ይመስለን ነበር።

ከሱቃችን በላይ ባለው መንገድ የመስታወት ፎቅ ሲሠራ ሁለቱም እዚያ ተቀጠሩ። መጀመሪያ ጭቃው ይረጫል፤ ቀጥሎ ወንድምጋሼ የውሃ ቱቦዎቹ የሚንጠለጠሉበትን ብረት አግዳሚው ላይ ይበይዳል፤ በመጨረሻ ኮርኒስ ይዘጋል። ለመበየድ ልባሱን መፋቅ ግድ ነው። ወንድምጋሼም እንደ ልማዱ ክንድ ሙሉ ፈቀፈቀ። እቤት ሲመጣ ጸጉሩ ላይ ግራጫ አቧራ ይዞ «የጭቃውን ካፖርት ሳወልቅ ዋልኩ» እያለ ያስቀን ነበር። የተፋቀውን መልሰው የሚያለብሱት ረጪዎቹ ናቸው። ግን ባለቤቶቹ ቸኩለው ስለነበር የላይኞቹ ፎቆች ቱቦ ተሠርቶ ሳያልቅ ረጪዎቹን «ሥራችሁ አልቋል» ብለው አሰናበቷቸው።

ጭቃው ከዚያ ወዲያ አልረጨም። አቧራው ደረቱን ጎድቶት ስለነበር እዚያው ፎቅ ላይ ጥበቃ ሆኖ ተቀጠረ። ሰማያዊ ሸሚዙን እኔ ነኝ ያሳጠርኩለት፤ እጅጌው ጣቶቹን ይውጣቸው ነበር። «አሁን ጭቃው መባልህ ቀረ» ስለው «በሸሚዙ አትታለዪ» አለኝ። ክርክሩ ግን አልቀረም። ያሳለው ነበር፣ ትንፋሽ ያጥረው ነበር፤ ያም ሆኖ በየቀኑ መጥቶ ይከራከራል።

ፎቁ ላይ እሳት የተነሳው አንድ ቀን ከቀትር በኋላ ነው። ስምንተኛው ፎቅ ላይ አሮጌ ወረቀት የሚከማችበት ክፍል ነበር አሉ። እኔ ቀሚስ እየዘመዘምኩ ነበር፤ ከማዶ የወንድምጋሼ መዶሻ ድንገት ሲቆም ቀና አልኩ። ጭሱ የመስታወቱን ፊት እያጠቆረ ይወጣል። ወንድምጋሼ የብየዳ መነጽሩን ግንባሩ ላይ እንደሰቀለ ሮጠ፤ እኔም መርፌዬን ደረቴ ላይ ሰክቼ ተከተልኩት። መንገዱ በሰው ተሞልቷል። እሳት አጥፊዎቹ ወደ ውስጥ አያስገቡም። ሰዎች ፊታቸው ጥላሸት ለብሶ፣ እያሳሉ፣ አንዳንዱ ጫማውን በእጁ ይዞ ይወጣል። ወንድምጋሼ የወጣውን ሁሉ ክንዱን እየያዘ «ጥበቃውስ? ጥበቃውን አያችሁት?» ይላል። «ሲያወርደን ነበር» አለው አንዱ። «ተመልሶ ወጣ» አለው ሌላው። ያኔ ከላይ የሆነ ከባድ ነገር ወደቀ፤ ድምፁ እግራችን ሥር ተሰማን። ፎቁ ቆሞ ቀረ፤ የስምንተኛው ፎቅ ጣሪያ ብቻ ባንድ በኩል ጎብጦ፣ ከነቱቦው ከነኮርኒሱ ወረደ። ጭቃው ከሥሩ ነበር።

ቀበርነው። ስለዚያ ቀን ብዙ መጻፍ አልችልም። ወንድምጋሼ አላለቀሰም፤ እኔን ያስፈራኝ አለማልቀሱ ነው። ሻይ ቤት ሄዶ ብቻውን ይቀመጥና ሻዩ ሲቀዘቅዝ ሳይጠጣ ይነሳል። ባለ ሻይ ቤቷ ከልማዷ ሁለት ብርጭቆ ይዛ ትመጣና አንዱን ቶሎ ከትሪው ላይ ታነሳዋለች። ሾፌሮቹ ስለ መኪናቸው ብቻ ያወሩ ነበር።

ከዚያ ደግሞ ሌላ መዓት መጣ። የእሳቱን ነገር የሚያጣሩት ባለሙያዎች አግዳሚው ላይ መኖር የነበረበት ልባስ የለም፣ በደንብ ሳይለጠፍ ቀርቶ ረግፎ ይሆናል አሉ። «ይሆናል» የምትለዋን ቃል ማን ሊሰማ? በማግስቱ ሰፈሩ በሙሉ ጭቃው በገዛ ጭቃው ሞተ እያለ ያወራ ጀመር። እንዲህ የሚቀልድ አፍ ይድረቅ! የሱን ዳቦ የበሉ፣ በቀልዱ ሆዳቸውን ይዘው የሳቁ ሰዎች ናቸው። የጭቃውን ሚስት እትዬ እላታለሁ፤ በዕድሜ ትበልጠኛለች። እትዬ ከቤት መውጣት ተወች። ዳቦ ልትገዛ ወጥታ አንዲት ጎረቤት «ያንቺው ሰው ሥራ ነው እኮ» አለቻት። ልጇን ይዛ ዳቦውን ሳትገዛ ተመለሰች።

አንድ ጠዋት ወንድምጋሼ የስፌት መኪናዬን ፔዳል ሊጠግን ጠረጴዛዬ ሥር ተኝቷል። አንዲት ደንበኛዬ ጥቁር ቀሚስ ይዛ ገባች፤ እዚያ የተቃጠለው ፎቅ ላይ ጸሐፊ ናት። ደረጃ ስትወርድ የተቀደደ ጠርዝ አሳየችኝ። ሳልጠይቃት መናገር ጀመረች።

«እኛ ስምንተኛው ላይ ስብሰባ አዳራሹ ውስጥ ነበርን። በሩን ዘግተን፣ በሩ ሥር እርጥብ ጨርቅ ጠቅጥቀን ቁጭ አልን። ጭስ አልነበረም። እሳት አጥፊ እስኪመጣ እዚህ ይሻላል ተባባልን። ያ ጥበቃ በሩን በእርግጫ ከፈተው። ‹ተነሱ! እዚህ ጣሪያ ላይ ያለው ብረት ራቁቱን ነው፣ አይቆይም!› ይላል። ያበደ ነው የመሰለን። አለቃችንን በከረባቱ ጎተተው፤ እኔን ገፈተረኝ። ስንወርድ እየተሳደብን ነበር፣ ይቅር ይበለን። ከታች ስንቆጠር አንድ ሰው ጎደለ። ‹እኔ አመጣዋለሁ› ብሎ ተመለሰ። ሰውዬው በሌላ ደረጃ ወርዶ ኖሯል።»

ወንድምጋሼ ከጠረጴዛው ሥር ወጣ። ሴትዮዋ ሰው መኖሩን ስላላወቀች ደነገጠች።

«የትኛው ጣሪያ ነው?» አላት።

«ከአዳራሹ በላይ። ቱቦዎቹ የሚያልፉበት።»

መፍቻውን ስፌት መኪናዬ ላይ አስቀመጠና ወጣ። ፔዳሉን ሳይገጥመው ነው የሄደው፤ በዕድሜው ሥራ ጀምሮ ሲተው ያን ቀን ብቻ ነው ያየሁት።

ማምሻውን ሱቁ ገባሁ። ኤሌክትሮድ ሳጥን ላይ ተቀምጦ መፋቂያውን ይዟል፤ ስለቱን በአውራ ጣቱ ይዳስሳል።

«እኔ ነኝ የፋቅኩት» አለኝ።

«ፋቅ ብለው አዘውህ ነው።»

«ይህን ያህል ፋቅ ያለኝ የለም።» ክንዱን ዘረጋልኝ። «ጣት ይበቃ ነበር። እኔ ይህን ያህል።»

«ዝም በል» አልኩት። «አንድ ቃል እንዳትተነፍስ። ያስሩሃል። ልጆች አሉህ።»

«እሱም ልጅ ነበረው።»

ዝም በል ማለቴን ዛሬም አላፍርበትም፤ ወንድሜ ነው፣ ፈርቼ ነው። ግን በማግስቱ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ ሲወጣ በሬን ዘግቼ አብሬው ሄድኩ።

ነገሩን የያዘችው ባለሙያ ዓይኗ እንቅልፍ ያጣ መሐንዲስ ናት። መሬቱ ላይ የተቃጠሉ ብረቶች ደርድራ ነበር። ወንድምጋሼ መፋቂያውን አሳያት፣ ክንዱን ዘረጋላት፣ ሁሉንም ነገራት። ሰምታ ስትጨርስ ወንበር ሰጠችውና አንዱን ብረት አዞረችለት።

«የልባሱ ጠርዝ ግራ ገብቶኝ ነበር» አለች። «የረገፈ ልባስ ተቆራርሶ ነው የሚወድቀው፤ ይሄ ግን ቀጥ ብሎ ነው የተቆረጠው። ሰው እንደፋቀው ጠርጥሬያለሁ፣ ማን እንደሆነ ነው ያላወቅኩት። መልሶ የሚያለብስ ሰው ሳይኖር ኮርኒሱን ዝጉ ያለው ማን ነው?»

«ፎርማኑ።»

«ፎርማኑንስ ማን አዘዘው?»

«አላውቅም።»

«እሱን እኛ እንጠይቃለን። የሚያለብሱትን ያሰናበተ ሰው አለ። ይህን ሁሉ አንተ ብቻህን አትሸከመውም።»

ወንድምጋሼ ይህን የሰማ አይመስለኝም። «ብረቱ ቀለጠ?» አላት።

«አልቀለጠም። ሞቀ፣ ጉልበቱ አለቀ፣ ከዚያ ጎበጠ። ያ የምታየው ግን ልባሱ ያልተነካ አግዳሚ ነው። እዚያው እሳት ውስጥ ነበር፤ ቀጥ እንዳለ ነው።»

ወንድምጋሼ ቀጥ ያለውን አግዳሚ ቀርቦ ነካው። ግራጫው ልባስ ጠቁሯል፤ የጓደኛው እጅ የረጨው ነው። መዳፉን እዚያ ላይ አድርጎ ያኔ አለቀሰ። ባለሙያዋ ፊቷን አዞረችለት። እኔ ለእሱም ለሟቹም አለቀስኩ።

ከዚያ ቀጥታ ሻይ ቤት ሄደ። ሰዓቱ የክርክራቸው ሰዓት ነበር፤ ሾፌሮቹም እንደልማዳቸው ተሰብስበዋል። አልተቀመጠም።

«ክርክሩን ተሸንፌያለሁ» አለ። «ብረት ሳይቀልጥ ይጎብጣል። የጭቃው ልባስ አልረገፈም፤ እኔ ነኝ የፋቅኩት። ከእንግዲህ በገዛ ጭቃው ሞተ የሚል ሰው እኔን ነው የሚሰድበው።»

አንድም ሰው አልሳቀም። አንዱ ሾፌር «ተቀመጥ እንጂ ወንድሜ» አለው። «እትዬ ጋ እሄዳለሁ» ብሎ ወጣ። ያን ዕለት ሰፈሩ አፉን ዘጋ፤ መዝጋቱ ጥሩ ነው፣ ግን ቀድሞውንስ ማን ክፈቱ አላቸው?

እትዬ ቤት ስንገባ ሰማያዊውን ሸሚዝ እያጠፈች ነበር። የሰፋሁትን እጅጌ አየሁት። ወንድምጋሼ ከበሩ አላለፈም። ለባለሙያዋ የተናገረውን ሁሉ ቆሞ ነገራት፤ ለሷ ሲሆን ግን ቃሉ ይቆራረጥበት ነበር። ትጮሃለች ብዬ ጠበቅኩ፤ ታባርረናለችም ብዬ ነበር።

«አውቃለሁ» አለች። «እሱም ያውቅ ነበር። ግባ፣ ተቀመጥ።»

«ያውቅ ነበር?»

«እናንተ ከሻይ ቤት ወደየቤታችሁ ስትገቡ እሱ ወደ ፎቁ ይመለስ ነበር። ለምን ይመስልሃል? አንተ የፋቅከውን በእጁ መልሶ ሲለጥፍ ነው የሚያመሸው። ‹የብልጭታ ነገር፣ ግማሹን ፎቅ አራቆተልኝ› እያለ ይስቃል። የላይኞቹ ላይ ሳይደርስ አሰናበቱት። ልጨርሰው ብሎ ፎርማኑን ለመነው፤ አልሰማውም። ጥበቃ የገባውስ? ሰው ሁሉ ለደረቱ ብሎ መሰለው። ቢሮዎቹ ሲዘጉ ኮርኒስ እያነሳ ይለጥፍ ነበር፣ እያሳለም ቢሆን። ስምንተኛው ላይ ያሉት ግን ኮርኒሳችንን አትነካም አሉት።»

ወንድምጋሼ ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ አለ። «ምነው ታዲያ ለኔ አልነገረኝም? አንድ ቀን እንኳ ምነው አልነገረኝም?»

እትዬ ሸሚዙን ጭኗ ላይ አደረገችው። ስትመልስለት አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለው ነበር።

«በሩ ዘሟል ሲሉህ እንዴት እንደሆንክ አይቷል እኮ። ‹ፊት ለፊት ከነገርኩት መዶሻውን ይጥላል፣ ዞር አድርጌ ነው የምነግረው› ይለኝ ነበር። ደግሞስ መቼ አልነገረህም? በየቀኑ ሻይ ቤት ቁጭ ብሎ ምን ሲልህ የኖረ መሰለህ? እቤት ሲገባ ‹ዛሬስ ገባው?› እለዋለሁ። ‹አልገባውም፣ ነገ ደግሞ እነግረዋለሁ› ይለኛል። ያን ቀን ጠዋትም እንዲሁ ብሎኝ ነው የወጣው።»

ወንድምጋሼ እጄን ያዘና ተነሳ፤ ቤቱ እስኪደርስም አልለቀቀኝም።